ያልታጠበ ሻሽ

ፎርሙ የዕቃ ነበር፤ ሌላ ፎርም የለም።
«የተረከብኩት» ከሚለው ጎን፣ በሰማያዊ ቀለም፣
«አንድ ወንድ ሕፃን፣ አንድ ጡጦ» ብዬ
ፈርሜ ወጣሁኝ እኅቴን ጥዬ።

ባጃጄ ሲያጓራ ይተኛል በሰላም፤
ሳሙና በር ደርሼ ካቆምኩ ግን አይችልም።
ተሳፋሪ ሴቶች «እናቱስ?» ይሉኛል፤
«ዝርዝር የለኝም» ስል ጥያቄው ያልፈኛል።

እንጉዳይ ከሽቦው ማዶ ያለችኝ አንድ ነው፦
«ሻሼን እንዳታጥበው፤ ሌሊት አልብሰው።»
እሑድ የሰጠችኝ ሐሙስ ላይ ይሳሳል፤
ዓርብ ሌሊት ልጁ ጨርቁን ያገላብጣል፣
አፍንጫውን ይቀብራል፣
ያጣል።

አንዴ የሺሐረግ፣ አክስታችን፣ ለደግ ብላ
በሳሙና አሽታ አሰጣችው ከጥላ፤
ያን ሳምንት ሦስታችንም አልተኛን።
አራተኛዋን አልጠየቅኋትም።

ባለፈው እሑድ ደግሞ፦ «የእሱንም አምጣልኝ፤
ያቀረሸበትን። አደራ፣ እንዳታጥብብኝ።»

ዛሬ በር ላይ ፈታሹ ሸሚዟን ዘረጋት፤
መዳፍ የማትሞላ። ስፌቷን ዳሰሳት፤
ገለበጣት፤ ወደ ፀሐይ አንስቶ አያት።

«ምንም የለባትም» አለ፣
«ትግባ።»