እጅ መንሳት

ሦስት እግር ጠረጴዛ፣ አራተኛው ድንጋይ፣
ከፍርድ ቤት አጥር ሥር፣ ደሴ፣ ከጉም በላይ።
ማመልከቻው ሃምሳ፣ ስሙኒ ግልባጩ፣
ሳንቲም ያጡ እንደሆን፣ ዱዓ ነው አማራጩ።
ድጓ ተምሬ ነው፣ ቅኔ ቆጥሬ ነው፤
ቀለብ የሰጠኝ ግን የሰው በደል ነው።

ቃሉን በቃሌ ነው የማውቀው፣ እንደ ውዳሴ ማርያም፤
"ለክቡር" ብሎ ይጀምራል፣ አይጎድልም፣ አያነክስም።
መሃሉ የሰው አሳር፣
መጨረሻው ሁልጊዜ አፈር፦
"ከእግርዎ ሥር ወድቄ፣ እጅ ነስቼ አመለክታለሁ፤
ታናሽ አሽከርዎ።"
ስንት ስም ከዚህ ቃል ግርጌ አስተኛሁ።

በሰኞ ገበያ፣ ሕዝቡ ሲግተለተል፣
ከሐርቡ መጣች ጦይባ የምትባል፤
የቦርከናን ጭቃ እግሯ ላይ አድርቃ፣
ሻሿን ጠበቅ አርጋ፣ ወገቧን ታጥቃ።
አልተቀመጠችም፤ ቆማ ነገረችኝ፣
ዳኛ መስያት ይሆን፣ ዐይን ዐይኔን እያየችኝ፦

"መሬቱ የጌታው፣ ይሁን። በሬው የኔ፣
ዘሩ የኔ፣ አረሙ የኔ፣ ወፍ ጥበቃው የኔ።
ማሽላው ሲያፈራ ሲሶ ነበር፣ እኩል ሆነ፤
ዝናቡ ሲቀር ግን ዕዳው የኔ ሆነ።
ባሌ አህመዴ 'ለምን?' አለ።
'ለምን' ካለ ወዲህ ቤቱ አላደረም።
ታስሮም ከሆነ፣ ሞቶም ከሆነ፣ ይንገሩኝ፤
ከመሬቱም አይንቀሉኝ።"

ጻፍሁ። ብዕሬ መንገዱን ያውቀዋል፣ እንደ በቅሎ።
አነበብሁላት ቀስ ብዬ፣ ድምፄም ዝቅ ብሎ።
መጨረሻው ላይ ስደርስ፣
"ምን አልህ?" አለችኝ፤ "እስቲ ወደ ኋላ መለስ።"
"እጅ ነስቼ፣ ነው ያልሁት። ወጉ ነው።"

ሳቀች። ተራ የሚጠብቁት ባላገሮች ዞረው አዩን።
"እጄን እነሱ ነሱኝ፣ አርሼ የበላሁበትን፤
የባሌንም እጅ ነሱኝ፣ ሞፈር የያዘበትን።
ደግሞ እኔው እጅ ልንሳ?
እስቲ ንገረኝ፣ የተማርኸው፣ ማን ነው ማንን የነሳ?
ሰርዘው።"

እኔ ቅኔ የቆጠርሁ፣ ሰሙን ከወርቁ የምለይ፣
ያን ቃል ሃያ ዓመት ስጽፈው አንድ ቀን ውስጡን ሳላይ፣
ሀ ሁ ያልቆጠረች ሴት ከፈተችው።

"ይጥሉታል" አልሁ፤ "መዝገብ ቤት አይቀበለውም፣
እኔንም ከዚህ አጥር ሥር ነገ አያስቀምጡኝም።"
"አብሽር" አለች። "ይጣሉት።
ሲጥሉት ግን አንብበው ነው።"

ሰረዝሁ። እጄ ተንቀጠቀጠ፣ አልዋሽም።
"አሽከርዎ" ከወጣ ማን እንደሚገባ አላውቅም።
ባዶው ቦታ አፈጠጠብኝ፣ ጥርስ እንደወለቀበት ድድ።
"ስሜን ጻፋ" አለችኝ። "ጦይባ ይመር። የሐርቡ ገበሬ።"
ገበሬ። ጭሰኛ አላለችም።
የገበሬ ሚስትም አላለችም።
አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ ወረቀቱ ላይ ተከለችው፣ እንደ ችካል፤
የቀረውን ቀለም በጠረጴዛዬ ጠርዝ ጠረገችው፣
ሽልንጓንም ከፍላ ወደ ገበያው ገባች።

ለኅዳር ቀጠሩ። ለየካቲት ቀጠሩ። ፋይሉ ጠፋ።
ግልባጩ እኔ ዘንድ አለ፤
አሻራ ግን በካርቦን አይወጣም።
አህመዴ ተገኝቶ እንደሆነ እስከ ዛሬ አልሰማሁም፤
ሐርቡ ድረስ ወርጄ ልጠይቅ ብዬ፣ ፈርቼ፣ አልወረድሁም።

ከዚያ ወዲህ ግን አንዳንዱ ይመጣል፣ ከአንቻሮ፣ ከቃሉ፣
"እንደዚያች ሴትዮ ጻፍልን" እያሉ።
ጠረጴዛዋ ላይ ሲደገፉ ጥቁሩን ነጥብ ያዩታል፤
ዝናብ አላጠፋውም፣ እኔም አልፋቅሁትም።
"ይህ የማን እጅ ነው?" ይሉኛል።
ወረቀት አወጣለሁ።
"በመጀመሪያ ስምህን" እላለሁ።