ውኃ በመጣ ሌሊት

እኔን አባቴ ነው ጸሎት ያስጠናኝ፣
አንድ ቃል ስገድፍ፣ በአርጩሜ እያቀናኝ።
ዳዊቱን በቃሌ እስከ ዛሬ አውቃለሁ፤
ግን «አሜን» ባልሁ ቁጥር፣ ጀርባዬን እዳስሳለሁ።

ልጅ የወለድሁ ጊዜ፣ ታዲያ ምዬ ነበር፣
በልጆቼ ገላ እንዳይወጣ ሰንበር፤
ከእግዜር እንዳይጣሉ በእኔ በአማላጁ፣
በፍቅር፣ በፈቃድ እንዲቆሙ ከደጁ።

መማል ቀላል ነው።

ግንፍሌ፣ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣
ራት ተነሥቶ «ኑ እንጸልይ» ስል፣ በቤቱ ሰው አይታይ።
ፊልሞና ጥርሷን ልትቦርሽ ትሮጣለች፣
(ሌላ ቀን በልመና፣ በስንት ጭቅጭቅ እምቢ ያለች!)
ዮናኤል ሆዱን ይዞ ሽንት ቤት ይገባል፣
ቁርጠቱ «አሜን» ሲባል ወዲያው ይረግባል።
የምንቀረው እኔና ወለላ፣ ሁለታችን፣
እንተያይና ሳቅ ያመልጣል ካፋችን።

ማባበል ጀመርሁ።
ወረቀት ለጠፍሁኝ ከፍሪጁ በር ፊት፦
ላንድ ጸሎት ኮከብ፣ ላምስቱ ቸኮሌት።
ሦስት ቀን ሠራልኝ። በአራተኛው ዕለት
ዮናኤል ሒሳብ ይዞ መጣ ወደ ማጀት፦
«አባዬ፣ ግማሹን ብጸልይ፣ ግማሽ ኮከብ የለም?»
ሳቅሁ፤ ከጉሮሮ ግን የወረደ አይደለም።
ከአርጩሜ አስጥዬ ጀርባቸውን ባድንም፣
መርካቶ አደረግሁት ቤተ መቅደሱንም።

ቀደድሁት።
ከዚያ ወዲያ እንደ ሰነፍ ተማሪ ዝም አልሁ፤
ወለላ «ምነው?» ስትል፣ «ደከመኝ» እላለሁ።

የእኛ ብሎክ ውኃ ይመጣል በሳምንት፣
ሐሙስ ለዐርብ አጥቢያ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሌሊት።
ቧንቧው መጀመሪያ ያስላል፣ ይተፋል፣
ዝገቱን አራግፎ፣ ቆይቶ ይጎርፋል።
ጄሪካን፣ በርሜሉን፣ ባልዲውን ደርድሬ፣
እንቅልፍ እንዳይጥለኝ በርጩማ ላይ አድሬ፣
ዳዊት እደግማለሁ።
አጭሩ መዝሙር ባልዲ፣ ረጅሙ ነው በርሜል፤
ጸሎት ነው አልልም፤ መለኪያ ነው ልበል።

ባለፈው ሐሙስ ነው። መብራት የለም። በአራት ኪሎ በኩል አምቡላንስ ሲያልፍ፣
ዞር ብዬ ባይ፣ ከወጥ ቤቱ ደጃፍ
ፊልሞና ቆማለች፣ በፒጃማ፣ በካልሲ፤
አልጠራኋት እኔ፤ አላልኋትም «ተነሺ»።
«ከማን ጋር ነው የምታወራው?» አለች በሹክሹክታ፤
«ውኃ እየቀዳሁ» ብላት፣ ዝም ብላ አንድ አፍታ፣
«ውኃ እኮ ጆሮ የለውም።»
ምን ብዬ ልመልስ? እኔም መልስ የለኝም።

አንዱን ባዶ ባልዲ ገልብጣ ተቀመጠች፤
የምደግመውን እየሰማች ከንፈሯን አንቀሳቀሰች።
ቃሉን አታውቀውም፤ ጫፍ ጫፉን ትይዛለች፣
እኔ ስጨርሰው፣ ዘግየት ብላ ታሳርጋለች።
ከዚያ የራሷን ቀጠለች፦

«እትዬ ትርንጎ ደረጃው ከበዳቸው፤
ጉልበታቸውን አድን፣ ወይም ሊፍት ስጣቸው።
ናርዶስ፣ ቤቷ ፈርሶ የሄደች ከፒያሳ፣
አዲስ ጓደኛ ስጣት፤ ግን እኔን እንዳትረሳ።
አባዬም ሌሊት ሌሊት ብቻውን አይንቃ።»

በርሜሉ ሞልቶ ፈሷል፤ እኔ መች ልነቃ!
«አሜን» አለች። እኔም አልሁ፤ እጄ ቧንቧው ላይ ነው፤
ጀርባዬን እንዳልዳሰስሁ ያወቅሁት በማግሥቱ ነው።

ከሥራችን ፎቅ፣ እትዬ ትርንጎ፣ በከዘራ
ጣሪያቸውን ኳ! ኳ! ኳ! «ውኃው ወረደ እኮ! አንተ ሰው፣ ኧረ እግዜርን ፍራ!»

«ለእሳቸው እኮ ጸለይሁ!» አለችኝ ልጄ፣ አኩርፋ።
ተንበርክከን ጠረግን፣ እኔና እሷ፣ በጨርቅ፤
እሷ በማጉረምረም፣ እኔ አፌን ይዤ በሳቅ።

ዮናኤል አሁንም ማታ ማታ ያመዋል፤
ተውሁት፤ አልቆጥርበትም፤ አንድ ቀን ይሻለዋል።
ፊልሞና ግን ሰኞ ጧት፣ ዳቦ በአፏ ሞልታ፣
«ሐሙስ ስንት ቀን ቀረው?» አለችኝ፣ ቦርሳዋን አንግታ።