ካርታው ላይ የሌለ ሱቅ

ሁለት ሴቶች መጡ ከበርሊን ከተማ፣
ፀጉራቸው የሸበተ፣ አንድ ዓይነት ጫማ።
የሆቴሉ ጸሐፊ መዝገቡን ገልጦ
«ዝምድና?» ሲል ጠየቀ እስክሪብቶ ጨብጦ።
«እህቷ ነኝ» አለች ኡልሪከ፣ ቀልጠፍ ብላ፤
ሳቢነ ፊቷን አዞረች፣ ወደ ጦሳ፣ ወደ ሌላ።
እኔ አስጎብኚ ነኝ፤ መንገድ ማሳየት ነው ሥራዬ፤
የሰማሁትን ሁሉ አልሰማም፣ ይህም አንዱ ሙያዬ።

በማግስቱ ሐይቅ። ገዳሙ ሴት አያስገባም፤
ከዛፍ ሥር ቁጭ አሉ። «ለምደነዋል» አለች ኡልሪከ፣
«በር ላይ መቅረት ለኛ አዲስ አይደለም፣ አያስከፋም።»

ከሰዓት መርሆ ግቢ፣ አዳራሹ ውስጥ።
«ስሙ ምን ማለት ነው?»
«አይጠየፍ» አልኩ። «ማንንም የማይንቅ፤
ባለጠጋው ከድኃው፣ ሁሉ ገብቶ የሚበላበት።»
«ሁሉ?» አለች።
አፌን ከፈትኩና
የጣሪያውን ቁመት ነገርኳት።

ለካ እሷም የሙያ ጓደኛዬ ናት፤
ሠላሳ ዓመት በከተማዋ ሰው አስጎብኝታለች።
ካርታዋ ግን ሌላ ነው፣ የነገሥታት ቤት የለበትም፤
እዚህ ሁለት ሴቶች ጋዜጣ ያሳተሙበት ምድር ቤት፣
እዚህ ፖሊስ በሩን የሰበረው የጭፈራ ቤት፣
እዚያ ደግሞ ከዛፎች መካከል
አንድ ግራጫ የሲሚንቶ ሣጥን፣ ትንሽ መስኮት ያለው፤
አጎንብሰህ ብታይ ሁለት ሰዎች ይሳሳማሉ።
«እንደኛ ላሉት ነው» አለች፣ «ለተገደሉት።»
እንደኛ ስትል ሳቢነ እጇን ያዘቻት።
ፒያሳ ላይ ማንም ዞሮ አላየ፤
በደሴ ሴት ከሴት፣ ወንድ ከወንድ
እጅ ለእጅ ይዞ መሄድ ወግ ነው፣
ስሙን እስካልጠሩት ድረስ።

«እዚህስ?» አለች። «የነሱ ቦታ የት ነው?»
«እዚህ የለም» አልኩ።
ቀልጠፍ ብዬ ነበር ያልኩት፣
ልክ እንደ «እህቷ ነኝ»።

ያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ።
በሦስተኛው ቀን፣ ካርታው ሲያልቅ፣
«አንድ ቦታ ቀርቷል» አልኩ።
ሙጋድ፣ ከጨርቃ ጨርቅ ሱቆች ጀርባ፣
የዛገ የቆርቆሮ በር፣ የዛገ ቁልፍ።
«ይህ የልብስ ሰፊ ሱቅ ነው።
አጎቴ አሊጋዝ ይቆርጣል፣ ደርበው ይሰፋል፤
አርባ ዓመት፣ አንድ ሲንጀር፣ ሁለት ወንበር።
በረመዷን ደርበው ውሃ እንኳ በፊቱ አይቀምስም፣
በሁዳዴ አሊጋዝ ሥጋ ላይ እጁን አይሰድም።
ሰው ‹ሚስት አታገቡም?› ሲላቸው
‹ጨርቁ አይበቃም› ይሉ ነበር ባንድ አፍ፣
ሳቃቸውን ውጠው።»

ከሱቁ ጀርባ አንድ ክፍል ነበረች፣ አንድ አልጋ።
በልጅነቴ ክር ልላክ ስገባ አይቻለሁ፤
ያየሁትን አላየሁም ማለት
ያኔ ነው የተማርኩት።

አሊጋዝ ሲሞት ድንኳን ተጣለ፤
አገሩ ሁሉ እኔን፣ የእህቱን ልጅ፣ «አብሽር፣ አብሽር» አለ።
ደርበው ከዳር፣ ከጎረቤት ተርታ፣
ለለቀስተኛው ሻይ ያቀርብ ነበር ጠዋት ማታ።
ለሱ «አብሽር» ያለው የለም።
እኔም።

በዓመቱ እሱም ተከተለ። ሲንጀሯን ሸጥናት።

ኡልሪከ በሩን በመዳፏ ነካች፤
ቆርቆሮው የቀኑን ፀሐይ ጠጥቶ ገና ይግላል።
«ያቺ ቃል እንዴት ነበረች?»
ሳቢነ ቀደመቻት። ወደ ቁልፉ ጎንበስ ብላ፣
በተሰበረ አንደበት፣
«አብ…ሽር» አለች።
የፈረንጅ አማርኛ ያስቀኝ ነበር። አልሳቅሁም።

ዛሬም ሌላ እንግዳ ይዤ በሙጋድ ሳልፍ
ስለዚያ በር አላብራራም፤ ካርታው ላይ የለም።
«አንዴ፣ ጫማዬን ልሰር» ብዬ
ከፊቱ ዝቅ እላለሁ፣
ክር የሌለው ጫማ ያደረግሁ ቀን እንኳ።