ሲንሳፈፍ በስሏል

ሱማርኒ፣ ስልክሽ አይሠራም፤ ቁጥርሽን ግን አላጠፋሁ፤
ዛሬ ሂርማታ ወርጄ ሁለት ኪሎ ሩዝ ገዛሁ።
«የሚጣበቅ የለህም?» ስለው ባለሱቁ ሣቀብኝ፤
«ሰው እንዳይጣበቅ ነው ጭንቁ! አንቺ ደሞ…» አለኝ።

ነክሬ አሳደርኩት። በሰፌድ አሰጣሁት።
የኛ ሰማይ አይታመንም፤ ሦስቴ አስገብቼ ሦስቴ አወጣሁት።
ወፍጮው በቆሎ ሲያደቅ ውሎ
ሩዜን ብጫ አልብሶ ሰጠኝ፣ ከኪሎውም ትንሽ ጎድሎ።

ያ ጥቁር የዘንባባ ስኳርሽ ጅማ የት ይገኛል?
የገራ ጫካ ማር ገዛሁ፤ ሲረጋ እንደ አሸዋ ይሆናል።
አረንጓዴ ማቅለሚያሽ፣ ያ ቅጠል፣ ሽታው በሩዝና በሣር መሐል፣
እዚህ ስሙን የሚያውቅ የለም፤ ጎመን ልጨምቅ አስቤ ተውኩት፤ ብጫም ቢሆን ያምራል።
ኮኮናቱ ደረቅ ነው፤ በላስቲክ የተቋጠረ፤
ዋጋውን የሰማ ወንድሜ እስከ ማታ አልተናገረ።

ትዝ ይልሻል ያቺ ማድቤት፣ መስኮቷ ግድግዳ የሚያይ?
ዓርብ ከሰዓት፣ ቤቱ ባዶ፤ አንቺ ጎንበስ እሳቱ ላይ፤
አንቺ ከጃቫ፣ እኔ ከጅማ፤ ቋንቋችን ስባሪ ዓረብኛ፤
ግን እጅሽ ሊጡን ሲያድበለብል አስተርጓሚ አላሻንም ለኛ።
«ሽዋይ ሽዋይ! አትቸኩዪ፤ ውሃው ራሱ ይነግርሻል፤
ሲሰምጥ ጥሬ ነው፤ ሲንሳፈፍ በስሏል።»

አልነገረኝም።
የመጀመሪያው ውሃ ሲነካው ሟሟ፣ ፈረሰ፤
ሁለተኛው ተሰነጠቀ፤ ሦስተኛው ማሩን አፈሰሰ።
አዴ ሸምሲያ በአጥሩ በላይ አንገቷን ብቅ አድርጋ፣
«ገንፎ ነው ወይስ አጥሚት?» አለች፣ ድስቴን በዐይኗ ፈልጋ።
ከዚያ ግን ቤቷ ገብታ፣ በኮባ ቅጠል ጠቅልላ
አመጣችልኝ፤ ነጭ፣ እርጥብ፣ የጭብጥ ያህል ቡላ።
«የአራስ ወገብ የያዘ፣ ያንቺ ሩዝ ያቅተዋል?»
ስድስት ዓመት ልጄን ያጎረሰ እጅ፣ እንዴት እምቢ ይባላል?

ደግሜ አሸሁት። ያዘ። «እንደ ጆሮ ጫፍ» ያልሽው ደረሰ፤
በሊጥ እጄ ጆሮዬን ዳስሼ፣ ለብቻዬ ሣቄ ፈሰሰ።

ድስቱ ውስጥ ጣልኳቸው። ሰመጡ። ጠበቅሁ።
ከድኜ አልሄድኩም። ስልኬን አልነካሁ። ቁጥርም አልቆጠርሁ።
አንዱ እንደ ዋናተኛ ጭንቅላት ጥግ ላይ ብቅ አለ፤
ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ አሥራ አንዱም፤ ውሃው ራስ አበቀለ።

ሙርሰል ከትምህርት ቤት ገባ፤ ዘጠኝ ዓመቱ ነው አሁን፤
እስከ ዛሬ አንቱ ይለኛል፤ አክብሮት ይሁን፣ ርቀት ይሁን።
አንዱን ኮኮናት ላይ አንከባልዬ አጎረስኩት፤ ነከሰ፤
ማሩ ፈንድቶ ዩኒፎርሙን እስከ ሦስተኛው ቁልፍ አራሰ።
«የእንጨት ብናኝ አለበት» አለ፤ ግን ለሁለተኛው እጁን ዘረጋ፤
ሲያኝክ ቆይቶ ጠየቀኝ፣ ድምፁ እንደ ትልቅ ሰው ረጋ፦

«እዚያ ለነበረው ልጅም ይሠሩለት ነበር?»

ሱማርኒ፣
ለዚህ የሚሆን ቃል አልነበረንም፣ በዚያ በስባሪ ዓረብኛ።
ሦስት ሦስት እናስቀምጥለት ነበር፤ ምስክሬ አንቺ ነሽ፤
እሱን ሳጎርስ «ያንቺስ ልጅ፣ ስሙ ማነው?» ስትይኝ፣ አንድ ቀን ዝም አልኩሽ።

«አዎ» አልኩት።
ቀና ብሎ አየኝ። ሌላ ቃል አልጨመረ።
ሳህኑን ወደኔ ገፋ፤ መሐሉ አንድ ድቡልቡል ቀረ።
«ይቺን አንቺ ብያት» አለ።

ውሃው ገና ይፈላል፣ ሱማርኒ።
ሊጥ የለበትም።