ባለ ጥላው ከተማ

በርገን ላይ ግንቦት ነው፤ ካፖርት ገና አልወለቀም፤
የሰባተኛ «ለ» የዓመት ማብቂያ ሥራ አልታወቀም።
ርእሰ መምህሯ፣ ወይዘሮ ቶርዲስ፣
«ዓርብ ይድረሰኝ» ብላለች፤ ዓላማው፣ መመዘኛው፣ እስከ ነጥቡ ድረስ።
ካሬ ካሬ ወረቀቴን ዘርግቼ፣
በቀዘቀዘ ሻይ፣ ከመምህራን ክፍል አምሽቼ
እንዲህ ጻፍኩ፦

«ተማሪው የሜትር እንጨት ፀሐይ ላይ ያቆማል፤
የእንጨቱን ጥላ፣ የደወል ቤቱን ጥላ ይለካል፤
ማማውን ሳይወጣ ቁመቱን ያውቃል።»
ያማረ ዕቅድ ነው። ምጥጥን ይባላል።
የጎደለው አንድ ነገር፤
ፀሐይ።

ማክሰኞ ወጣን፤ ዝናብ።
ረቡዕ ወጣን፤ ዝናብ።
ሐሙስ ጉም መጥቶ ማማውን ራሱን ዋጠው፤
ሲንድሬ እንጨቱን አቅፎ፣ «ቁመቱ ዜሮ ነው፤ በቃ እንጻፈው።»

ከተማው ሙሉ ጥላ ነው፤ ጥቁር ጥላ፣ ቀይ ጥላ፣
ነፋስ የገለበጠው፣ ባቡር ፌርማታ የተረሳ ጥላ።
ሰው ሁሉ ጥላ ይዞ ይሄዳል፤
ጥላ ያለው ሰው ግን ጠፍቷል።
የኔም ዕቅድ ጠብ አላለም፤
ከሰማዩ በቀር ጠብ የሚል የለም።

ራግንሂልድ፣ ከመስኮቱ ሥር የምትቀመጥ፣
እጇን በዓመት ሁለቴ የምታወጣ፣ ስሟ ሲጠራ የምትደነግጥ፣
ዓርብ ጠዋት፣ ዓይኗን ከመስታወቱ ሳትነቅል፣
«የሌለውን ከምንጠብቅ ያለውን ብንለካስ?» አለች፣ ዝቅ ባለ ቃል።

ክፍሉ ጸጥ አለ።
ጸጥ ሲል ጣሪያው ተሰማ፤ ዓመቱን ሙሉ ሲያወራን የዋለ።

ዕቅዱን ቀደድኩት።
ግማሹን። ግማሹን ጀርባው ባዶ ነው ብዬ አስቀረሁት።

የወተት ካርቶን አፉ ተቆርጦ፣ ጎኑ ላይ ማስመሪያ ተለጥፎ
ግቢው ላይ ተደረደረ። የሌሼክን ነፋስ ወሰደው፤
የሲንድሬው ውስጥ ቀንድ አውጣ አደረ፣ ቤቱ ውስጥ ተጣጥፎ።
ክርክር ተነሣ፤ ቀንድ አውጣው ዝናብ ነው ወይ? ይቀነስ?
«አውጥተን እንለካ፣ መልሰን እንለካ፣ ልዩነቱ የሱ ነው» አለ ሌሼክ፣ እንደ አገር ሽማግሌ ቀስ።

የጣሪያው ርዝመት ሠላሳ ሜትር፣ ወርዱ ሃያ፤
የአንድ ሌሊት ዝናብ ዐሥራ አንድ ሚሊ ሜትር።
አባዙ፣ ተሳሳቱ፣ ነጥቧን አዛወሩ፤
አንዱ ባልዲ የማይሞላ፣ ሌላው ወደቡን የሚያሰጥም ውሃ ይዘው ሲከራከሩ
ደወል ተደወለ፤ የወጣ አልነበረም።
ስድስት ሺህ ስድስት መቶ ሊትር።

«በመታጠቢያ ገንዳ ስንት ይሆናል?» አለ ኦድቫር፣
የጽዳት ሠራተኛው፣ መወልወያውን ተደግፎ ከበር።
አርባ አራት!
ያቺን ቁጥር ሳምንቱን ሙሉ ላገኘው ሁሉ ነገራት።
በኋላ፣ መብራት ሲያጠፋ፣
«በልጅነቴ» አለኝ «ሒሳብ አይገባህም ተባልኩ።»
ከዚያ ወዲያ አላለም። እኔም አልጠየቅኩ።

የማሳያው ዕለት ሥዕሉ ተሰቅሎ፣ ወላጅ ተሰብስቦ፣
ወይዘሮ ቶርዲስ መመዘኛዋን ይዛ፣ እስክሪብቶዋ ተስቦ፣
ፀሐይ ወጣች።

ልጆቹ ካርቶኑን፣ ግራፉን፣ ወላጁን ትተው ወጡ፤
ከገዛ ጥላቸው ጋር አባሮሽ ሊሯሯጡ።
ማን ይፈርድባቸዋል?
እኔም የሜትር እንጨቱን ከቁም ሳጥኑ ጀርባ አወጣሁ።

የእንጨቱ ጥላ ሰባ አምስት ሳንቲ ሜትር።
የማማው ጥላ በአስፋልቱ ተጋድሞ፣ ከዳቦ ቤቱ ደጅ አልፎ ነበር።
በእርምጃ ጀመርኩ፤
ሠላሳ አንድ ላይ ስደርስ ደመናው ተመለሰ፤
ጥላው ከእግሬ ሥር እንደ ምንጣፍ ተጠቅልሎ ተነሣ።

በቀደድኩት ወረቀት ጀርባ ሠላሳ አንድ ብዬ፣ የመደመር ምልክት አስከትዬ
ቀሪውን ለነሐሴ ክፍት ተውኩት።

ማካፋት ሲጀምር አንድ ሰው ከኋላዬ ሮጦ መጣ፤
ራግንሂልድ ናት። ጥላዋን ከላዬ ዘረጋች።
«ስንት ደረስን?» አለች።