የወንድሟ ባትሪ

ትርሲት ስድስት ሞላት፤ ኤድመንተን በረዶ፣
ኬኩ ተቆረሰ፣ ሻማው ነዶ ነዶ።
ለሷ የገዛንላት የአሻንጉሊት ቤት፣
ሦስት ፎቅ፣ መስኮት ያለው፣ ደረጃ ያለበት፤
ለኪሩቤል ደግሞ፣ እንዳይከፋው ብዬ፣
ባትሪ ከዶላር ሱቅ፣ በፌስታል ጠቅልዬ።

ጠቅ ሲያደርገው በራ። ጣሪያው ላይ ጨረቃ!
ትርሲት ፎቁን ጣለች፤ ልቅሶው መጣ በቃ።
«የኔ ነው ልደቱ! ለምን እሱ ብቻ?»
ባሌ ሳቀ፣ ሳቀ፦ «ቀልቀሎ ስልቻ!»

አልፈረድኩም እኔ። ሳህን ላጥብ ገባሁ።
ዝም አሉብኝ ኋላ። በበር አጮልቄ አየሁ፦
ፎቁ የመጣበት ካርቶን ውስጥ ተጣጥፈው፣
አራት እግር ደጅ ነው፣ ባትሪው መሃላቸው።

ፎቁ ሳሎን ቀርቷል፣ ሦስቱም ወለል ጨልሞ።
ደረሰኙ ጀርባ
ጻፍኩ፦ «ሁለት ባትሪ፣ ለከርሞ።»