ሃያ ሦስተኛው ጥያቄ

አሥራ ሰባት ዓመት በዲፕሎማ ቆሜ፣
የሸሸ ደም ሥርን በጣቴ ለቅሜ፣
ትናንት የመጣችው፣ ዲግሪ ያላት ልጅ፣
መርፌ ስታነሳ የሚርድ ያች እጅ፣
ክፉ ሰው አይደለች፣ ፈሪ ናት እንጅ፣
ደሞዝ መዝገቡ ላይ ተጻፈች ከስሜ
ሦስት መስመር ከፍ ብላ።
                                   «ተማሪ» አሉኝ።
«ግማሹ በስልክ ነው፣ ግማሹ ቅዳሜ፤
ሥራ አትለቂበት፣ ቤት አትፈቺበት፣
ከእንቅልፍሽ ላይ ነው የምትቆርጪለት።»

ቆረጥኩለት።

መማሪያ ክፍሌ ይኼው፣ መስታወቱ ተሰንጥቋል፣
በስንጥቁ በኩል ሲያዩት የመምህሩ አፍ ለሁለት ይከፈላል።
ዳታ ሲያልቅ ትምህርቱ ዓረፍተ ነገር መሃል ይቀራል፤
«የታካሚ ክብር ማለት...» ብሎ መምህር ቶሌራ ደርቆ ይቆማል።
ማለት ምን? እያልኩ ሁለት ቀን ዋልኩ።
በሦስተኛው አልጋ አሥራ አንድን ላጥብ ስል
                          መጀመሪያ መጋረጃውን ሳብኩ።

ቅዳሜ ሜክሲኮ አጠገብ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍቱ የማይሠራበት፣
ሃምሳ ሰው፣ ሁላችንም ከአዳር፣ ጫማው ለእግራችን የጠበበበት።
ስለ እንቅልፍ ማጣት ጉዳት ነበር አንድ ቀን የዕለቱ ትምህርት፤
ግማሹ ክፍል ተኝቶ ተከታተለው፣ ግንባሩን ዴስኩ ላይ ደፍቶት።

ከዚያ የመጨረሻው ፈተና። ማታ ሁለት ተኩል ላይ ይከፈታል፣
በሦስት ተኩል ይዘጋል።
ተረኛ ነበርኩ፤ ሰው ለመንኩ፤ ማን የሰው ሌሊት ይወስዳል?
ኔትወርክ የሚይዘው አንድ መስኮት ነው፤ ከሥሩ ቸርችል ይወርዳል፣
የመኪኖቹ መብራት ቁልቁል ወደ ለገሃር ቀይ ክር ይጎትታል።

ሃያ ሁለቱን መለስኩ። ሃያ ሦስተኛው እንዲህ ይላል፦
«ትንፋሽ ያጠረው ታካሚ ቢገጥምዎ ቀዳሚ ተግባርዎ ምን ይሆናል?»
«ሀ»ን አንብቤ «ለ» ላይ ስደርስ፣ ከጀርባዬ አንድ ድምፅ ይመጣል።
አልጋ አሥራ አንድ። አቶ ሀብተየስ። ዕድሜያቸውን ባቡር ጣቢያ ያሳለፉ፤
ደረታቸው እንደ ረጠበ ፊሽካ፤ ሊናገሩ ሞክረው ተረቱ አፉ።

ስልኩን መስኮቱ ላይ ተውኩት።
ትራሱን ከፍ አደረግሁ፣ ኦክስጅኑን ከፈትኩ፣ ያችን ልጅ፣ ማራማዊትን ጠራኋት፤
እጇ ይርድ ነበር፤ እጄን በእጇ ላይ ጭኜ ደም ሥሩን አሳየኋት።
ሐኪሙ መጣ። መድኃኒቱ ገባ። ፊሽካው ቀስ እያለ ቀጠነ።
አርባ ደቂቃ ይሁን ሃምሳ፣ ማን ሰዓት አየ፣ ማን መጠነ።

ስመለስ ስልኬ እያበራ ነው፦ «ጊዜዎ ተጠናቋል። እናመሰግናለን።»
አላለቀስኩም።
ውሸቴን ነው። አለቀስኩ፣ አንሶላ ማስቀመጫው ክፍል ገብቼ፣
በሩን በእግሬ ዘግቼ።

ቶሌራ «ማመልከቻ ጻፊ» አለኝ። ጻፍኩ። ቢሮው «ማስረጃ» አለ።
ምን ላምጣ? አቶ ሀብተየስ ቤታቸው ገብተዋል፣ ይተነፍሳሉ፤
የሚተነፍስ ሰው ማኅተም የለው።
ኮርሱን ደገምኩት። ከፈልኩለትም፣ ለሁለተኛ፣
ከልጄ ከምንታምር የጫማ ብር ላይ፣ አውቃ ዝም አለችኝ፣ የኔ ዳኛ።

ሐምሌ ላይ ጋውን ተከራየሁ ፒያሳ፤ እጅጌው የማላውቀው ሰው ሽቶ ይሸታል።
ሌላው አበባ ታቅፎ ይስቃል፤
እኔ ፎቶው ላይ ቆሜ ተኝቻለሁ፣ ዓይኔ ተከድኗል።

ማታውን ተረኛ ነበርኩ።
ማራማዊት «እንኳን ደስ አለሽ፣ አሁን እኩል ነን» አለችኝ፣ ከልቧ፤
ሳቅሁ። እሷም ቆይቶ ገባትና ሳቀች፣ በእጇ ሸፍና አፏን።
ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከአልጋ ስድስት ጠራችኝ፣
የአንዲት አሮጊት ክንድ ይዛ፦ «ሲስተር፣ ደም ሥሩ ጠፋብኝ።»

መብራቱን አጥፊው፣ አልኳት።
ዓይንሽን ተይው።
ጣትሽን አስቀድሚ።